በእግራቸው የሚሰሙት ጋሽ ኪዳኔ

የጋሽ ኪዳኔን ሞት የሰማሁት ከሰው አፍ ሳይሆን ከሱቅ በር ላይ ነው። ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስመለስ በርበሬ ልገዛ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ካለው የሐበሻ ሱቅ ጎራ ስል፣ መስታወቱ ላይ ፎቷቸው ተለጥፏል። እኛ ሮም ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ መርዶ የምንሰማው እንዲህ ነው። ከላይ የሚከራይ አልጋ ማስታወቂያ፣ ከታች የፀጉር ቤት ስልክ፣ መሃል ላይ ደግሞ የምናውቀው ሰው ፊት። ፎቶው ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተነሱት ነው። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ጆሯቸው በደንብ እንዲታይ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እንደ ተቆጣ ሰው ፊት ለፊት ያያሉ። ከሥሩ በትግርኛና በአማርኛ «ቀብራቸው ሐሙስ ነው» ይላል።

ባለሱቋ ከውስጥ አየችኝና፣ «አልሰማሽም ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ዛሬ ነው የማየው።»

«ልባቸው ነው አሉ። ሆስፒታል ሁለት ቀንም አልቆዩ።»

በርበሬውን ሳልገዛ ቆሜ ቀረሁ። ትዝ ያለኝ ግን ፊታቸው አልነበረም። ትዝ ያለኝ እግራቸው ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔና ጋሽ ኪዳኔ የተዋወቅነው ሮም ዳር፣ አናኚና አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጣልያኖቹ ዴፖዚቶ ይሉታል። ካምዮን የሚቆምበት፣ ተሳቢ የሚጠገንበት ሰፊ ግቢ ነው። እኔ ቢሮውን አጸዳለሁ፤ ለሠራተኞቹም ምሳ እሠራለሁ። እሳቸው ደግሞ ተሳቢን ከካምዮን ጋር የሚያያይዘውን ዕቃ ይመርጣሉ፣ ይገጥማሉ። ያንን ዕቃ ራላ ይሉታል። ካምዮኑ ጀርባ ላይ የሚቀመጥ፣ መሃሉ እንደ አፍ የተከፈተ ትልቅ የብረት ሰሃን ነው። ከተሳቢው ሆድ ሥር ወፍራም ብረት ይወጣል፤ እሱ ፔርኖ ነው። ፔርኖው አፉ ውስጥ ይገባና ይቆለፋል። አለቀ። ያ ሁሉ ቤት የሚያህል ነገር የሚጎተተው በክንድ ውፍረት ባለች ብረት ነው።

የግቢው ደንበኞች አብዛኞቹ የጆስትራ ሰዎች ናቸው። በየከተማው እየዞሩ የልጆች መጫወቻ ተክለው የሚኖሩ፣ ቤታቸው ተሳቢ የሆነ ሰዎች። ማድ ቤቱ፣ መኝታው፣ መጋረጃው ሁሉ ጎማ ላይ ነው።

ጋሽ ኪዳኔ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ወጣትነታቸውን በሙሉ በአሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ያ መንገድ በቤታችን በር ነበር የሚያልፈው። ይህን የነገርኳቸው ዕለት ምሳቸውን አቁመው፣ «እንግዲያው በልጅነትሽ አቧራ አልብሼሻለሁ ማለት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ዘነበች መባሌ ቀረና ዘኑ ሆንኩ።

ሮም ሲመጡ ጣልያንኛ አይችሉም ነበር። ሐኪም ቤት ገብተው የት እንደሚያማቸው መናገር አይችሉም። ባሌስትራ፣ ፔርኖ፣ ፍሪሲዮን ሲባል ግን ከአስመራ ጋራዥ ጀምሮ አብረዋቸው የኖሩ ቃላት ናቸው። የግቢው ሰዎች «ፕሮፌሶሬ» ይሏቸው ነበር፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከልብ።

አሁን ስለ እግራቸው። ጋሽ ኪዳኔ አንድ ራላ ገጥመው ሲጨርሱ ጎማ አይረግጡም፣ መዶሻም አያነሱም። ጫማቸውን ያወልቃሉ። ጫማቸውን አጠገብ ለአጠገብ መሬት ላይ አስቀምጠው በካልሲ ካምዮኑ ላይ ይወጣሉ። መሪው ጋ አይቀመጡም፤ መንገዱ ሊጎዳው የሚችል ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሌላ ሰው እንዲነዳ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት እግራቸውን ወለሉ ላይ ያሳርፋሉ።

«ጆሮ ይዋሻል፤ የሞተሩ ጩኸት ያደነቁረዋል» ይሉኝ ነበር። «እግር ግን ተሳቢው ከኋላ ምን እንደሚል ይሰማል። ካምዮኑ ሊቆም ሲል ተሳቢው ቀድሞ ማወቅ አለበት። ካላወቀ ይገፋል፤ ሲነሳ ደግሞ ይጎትታል። እሷ ግፊያና ጉተታ ናት ወገብ የምትሰብረው።»

አንድ ቀን የግቢው መካኒክ ካልሲያቸው መቀደዱን አየና፣ «ፕሮፌሶሬ፣ በዚህችኛዋ ቀዳዳ ነው የምትሰማው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ጋሽ ኪዳኔ እግራቸውን አንስተው አይተው፣ «የለም፣ ይህቺ የአንተን ወሬ ማስወጫ ናት» አሉት። ሰውየው ከሁላችን በላይ የሳቀው ያኔ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሲኞር ኤልዮ የሚባል የጆስትራ ሰው ከሰሜን መጣ። ሚስቱ ሲኞራ ብሩና ታማ ነበር። የጀርባ አጥንቷ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል ብለዋል ሐኪሞቹ። ካምዮኑ ፍሬን በያዘና በለቀቀ ቁጥር ትጮሃለች። ሮም ስትደርስ «ከዚህ ወዲያ አልችልም» አለች። መድረስ የምትፈልገው ግን ሬጆ ካላብሪያ ነው። እህቷ እዚያ ናት፤ ባሕሩ እዚያ ነው። የቀራት ጊዜ ትንሽ እንደሆነም ታውቃለች።

«በአምቡላንስ ትሂድ» አልኩ እኔ፣ ገና ሳላውቃት።

ለሲኞራ ብሩና ሾርባ ሳስገባላት ራሷ መለሰችልኝ። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ መንገድ ስሄድ ቤቴ ከኋላዬ ተከትሎኝ ነው። ዛሬ ቤቴን ትቼ ብሄድ የትም የደረስኩ አይመስለኝም።»

እናም ከካምዮኑ ወንበር ኋላ ባለው ሁለተኛ መቀመጫ ላይ አልጋ ቢጤ ተዘጋጀላት። የቀረው ራላውን መምረጥ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ ሳምንቱን ሙሉ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሾፌር ባገኙ ቁጥር መንገዱን እየጠየቁ አንድ ካርቶን ላይ ጻፉ። ካርቶኑን ማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። «ከሮም እስከ ናፖሊ ደህና። ከናፖሊ በኋላ ድልድይ ይበዛል፤ በየመገጣጠሚያው ይነጥራል።» ይኼን ካርቶን አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው ድርቅ ብሎ በብሎን የሚታሰረው ነው፤ እሱ ለዕቃ ነው እንጂ ለሰው አይሆንም። ሁለተኛው ከሥሩ ወፍራም ጎማ እንደ ትራስ የተነጠፈለት ነው። ሦስተኛው በአየር በተነፋ ከረጢት ላይ የሚቀመጠው፣ አዲስ የመጣው ነው። ጋሽ ኪዳኔ የአየሩን መረጡ። የግቢው ባለቤት ሲኞር ማውሮ በጣም ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ሲገጠም ግቢው የመጀመሪያው ነበርና ፎቶ አነሳ። ሲኞር ኤልዮም ጋሽ ኪዳኔን አቅፎ ሳማቸው።

በማግሥቱ ለጉዞ ሊነሱ ነው። ዋዜማውን ጋሽ ኪዳኔ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አወለቁና ሲኞራ ብሩና የምትተኛበት ቦታ ላይ ወጡ። ኤልዮ እየነዳ በራኮርዶው፣ ከተማዋን በሚዞረው መንገድ፣ እስከ ቲቡርቲና መውጫ ሄደው ተመለሱ።

ሲወርዱ ፊታቸውን አየሁት። ጫማቸውን አላደረጉም። በካልሲያቸው ግቢውን አቋርጠው ማድ ቤቴ ገብተው ተቀመጡ።

ሲኞር ማውሮ ተከትሏቸው ገባ። «አሎራ ፕሮፌሶሬ? እንዴት ነው?»

«ይዋኛል» አሉ ጋሽ ኪዳኔ። «ተሳቢው ፊቱ ቀላል ነው፤ ከባዱን ዕቃ ሁሉ ኋላ ጭነውታል። አየሩ ሸክም ሲያጣ ያንሳፍፈዋል። ፍሬን ሲያዝ ይገፋል፣ ሲለቀቅ ይጎትታል። ከበፊቱ የባሰ ነው።»

ማውሮ በሩን ዘጋው። «ሴትዮዋ እንደሁ ታማለች፤ በምንም ብትሄድ ያማታል። ነገ ይሂዱ። ማንም አያውቅም። አንተም ኮንትራትህ በዚህ ወር እንደሚያልቅ አትርሳ» አለና ወጣ።

ያቺ ኮንትራት ምን ማለት እንደሆነች እኛ ነን የምናውቅ። ያለ ኮንትራት ፔርሜሶ አይታደስም። ያለ ፔርሜሶ ደግሞ ሰው በስድሳ ዓመቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ምሳቸውን አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ይብሉ እንጂ።»

«ዘኑ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለሰው ነግሬው አላውቅም።»

ተቀመጥኩ።

«ፍስሃ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። አሰብ መንገድ ላይ አብረን ነው የምንነዳው፤ ይደክመኛል ይነዳል፣ ይደክመዋል እነዳለሁ። አንድ ቀን ከአሰብ ስንነሳ ተሳቢውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ፔርኖ ሲቆለፍ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጓ ይላል። የዚያን ቀን ቀጠነብኝ። ሰማሁት፣ ዘኑ። ባለንብረቱ ቶሎ በሉ ይላል፤ ወርጄ ሳላይ ተነሳን። ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለና ቆምን። ፍስሃ ከጎማው ሥር ታኮ ሊያደርግ ወረደ። ተሳቢው ተፈታ። እግሩን…»

ሹካውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ተሸክሜ ሐኪም ቤት አደረስኩት። እግሩ ተቆረጠ። ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ፣ ብረቱ ያረጀ ነው አልኩ። እኔ ነኝ አላልኩም። ታዲያ ፍስሃ ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ? አመሰገነኝ። ተሸክመህ ያተረፍከኝ አንተ ነህ እያለ እስኪሞት ድረስ አመሰገነኝ። በየበዓሉ፣ በሰው ፊት።»

ሳህኑን ገፋ አድርገው ተነሱ። «ሁለተኛ የማልችለው እንዲያ ያለውን ምስጋና ነው» አሉ።

ከመስኮቱ ነው ያየሁት። ግቢው መሃል ሄደው፣ ኤልዮም፣ ማውሮም፣ ሠራተኞቹም ባሉበት፣ በዚያች በጋራዥ ጣልያንኛቸው «ኦ ዝባልያቶ» አሉ። ተሳስቻለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ሲኞራ ብሩና መስኮት ዞረው በአማርኛ ደገሙት። «ተሳስቻለሁ እመቤቴ። ሁለት ቀን ይታገሱኝ።» ለምን በአማርኛ እንዳሉት አላውቅም። እሷ ግን የገባት ይመስል ከመጋረጃው ኋላ እጇን አነሳች።

ሁለቱን ቀን እንዲህ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። የአየሩን አውርደው ባለ ጎማውን ገጠሙ። ያንንም ክብደቱ በካምዮኑ ጎማዎች ሁሉ ላይ እንዲያርፍ አንድ ስንዝር ወደፊት ገፉት። ተሳቢው ውስጥ ገብተው ጄኔሬተሩን፣ የውሃውን በርሜል፣ የብሩናን የብረት ድስቶች ሁሉ ከኋላ ወደፊት አመጡ፤ እኔም ድስት ተሸክሜያለሁ። የተበላውን ፔርኖ በአዲስ ቀየሩ። «ክፍተት ካለ ይንኳኳል፤ የተንኳኳው ሁሉ ወገቧ ላይ ነው የሚደርሰው» አሉኝ። ሲቆልፉት ጠሩኝ።

«ስሚ።»

ጓ አለ። ወፍራም ነበር።

ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ከራኮርዶው ሲመለሱ ምንም አልተናገሩም፤ ጫማቸውን ቁጭ ብለው፣ ማሰሪያውን ቀስ ብለው አሰሩ። በቃ፣ እሱ ነበር መልሳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሲኞራ ብሩና ቤቷን ከኋላዋ አስከትላ ሄደች።

በወሩ መጨረሻ ማውሮ ኮንትራታቸውን አላደሰም። «ደንበኛ ፊት የሚሳሳት ሰው አያስፈልገኝም» ነው ያለው። ጋሽ ኪዳኔ ቁልፋቸውን አስረክበው፣ ካርቶኑን ከግድግዳዬ ላይ ቀስ ብለው አንስተው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወጥተው ሰላም ፓላስ፣ የአገራችን ስደተኞች የሚኖሩበት ያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ክፍል ተጋሩ። ቀን በቀን ያገኙትን ይሠሩ ነበር። አንድም ቀን ማውሮን ሲያሙ አልሰማሁም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ተርሚኒ እንገናኛለን። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ደወሉ?»

የሲኞራ ብሩና ስልክ እኔ ጋ ነበር። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። በሳምንቱም ዝግ ነው። ጋሽ ኪዳኔ ግን ሥራቸውን የከፈሉበት ነገር ነውና፣ ሳትጮህ መድረሷን ማወቅ ይፈልጋሉ። በሦስተኛው እሑድ ፊታቸውን አይቼ አልቻልኩም።

«ደወሉ?»

«አዎ፣ ትናንት ደወሉ» አልኩ።

ቀና አሉ። «እህ?»

«ደህና ገብታለች። መንገዱን ተኝታ ነው የሄደችው አሉ።»

«ከየት ጀምሮ ነው የተኛችው?»

«ከናፖሊ በኋላ» አልኩ፣ ካርቶኑ ትዝ ሳይለኝ።

እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ከናፖሊ በኋላ… ጥሩ ነው። እግዜር ይስጥሽ ዘኑዬ» አሉኝ። ቤት ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ስል ነው የገባኝ። ከናፖሊ በኋላ በዚያ መንገድ ደህና ሰውም አይተኛም፤ ያንን በገዛ እጃቸው ጽፈው እኔው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ደግመው ጠይቀውኝ አያውቁም። ማወቃቸውን ያወቅሁት በእሱ ነው። ጓደኛው እስኪሞት ድረስ ውሸት ተሸክሞ ለኖረ ሰው ሌላ ውሸት ጨመርኩበት፤ እሳቸውም አመሰገኑኝ።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ፔርሜሶዋቸው ሳይታደስ፣ የማመልከቻው ሪቼቩታ፣ ደረሰኙ፣ ኪሳቸው ውስጥ ሳለ ሞቱ።

ፎቷቸውን ባየሁ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ግቢው ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ የማውቀው ካምዮን ገባ። ያ ተሳቢ ከኋላው አለ፤ መጋረጃው ያው ነው። ሲኞር ኤልዮ ወረደ። ሸምግሏል።

«ሽማግሌው የት አለ? ራላው ግራሶ መቀባት ይፈልጋል» አለኝ።

«ሌላ ሰው ያደርግልሃል» አልኩት።

«የለም፣ ብሩና እሱ ካልሆነ ማንም እንዳይነካው ብላኝ ነው የሞተችው።»

ነገርኩት። ሞቱን፣ ሐሙስ ቀብር መሆኑን። ኮፍያውን አወለቀና የካምዮኑ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ነው ደፍሬ የጠየቅሁት።

«ሲኞራ ያን ጊዜ… መንገዱን ተኝታ ነበር?»

«ማን? ብሩና?» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «ናፖሊን እንዳለፍን ቀና አድርገኝ አለችኝ። ትራሱን ከጀርባዋ አደረግንላት። ሁለት ዓመት ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት! ድልድዮቹ ላይ ሁለቴ ጮኻለች፤ አልዋሽሽም። ተኚ ብላት፣ ባሕሩን ካላየሁ አልተኛም አለች። እስከ ሬጆ ቁጭ ብላ ነው የሄደችው። ከእህቷ ጋር አራት ወር ኖረች።»

«ስልኳ ዝግ ነበር።»

«መንገድ ላይ ጠፋባት። እኔም የእናንተን ቁጥር አልያዝኩም ነበር።»

ሐሙስ ኤልዮ ተሳቢውን ግቢው ውስጥ ትቶ በካምዮኑ ቀብር መጣ። እኔም አብሬው ሄድኩ። ሲኞራ ብሩና የሄደችበት የኋላ መቀመጫ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ሬሳ የያዘችው መኪና ከፊታችን ቀስ ብላ ትሄዳለች። ጫማዬን አወለቅሁ። ሁለት እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነቱን ለመናገር የሞተሩ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ እሳቸው የሚሰሙትን ልሰማ አልቻልኩም። ግን እስከ መቃብሩ ቦታ ድረስ ጫማዬን አላደረግሁም።

ቄሱ ጨርሰው ሰው መበተን ሲጀምር ወደ አፈሩ ጠጋ አልኩ። በአማርኛ ነው የነገርኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አልደወሉም ነበር። እሷም አልተኛችም። ቁጭ ብላ ነው የደረሰችው።»